ቆጣሪውን ማን ይቆጥረዋል? የስማርት ቆጣሪ የሬዲዮ ሞገድ ደኅንነት በዳላስ–ፎርት ዎርዝ

ጭብጥ

በሰሜን ቴክሳስ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስማርት የኤሌክትሪክ ቆጣሪ የቤተሰቡን ፍጆታ በየ15 ደቂቃው ይመዘግባል፤ የመዘገበውንም በሬዲዮ ሞገድ ለባለቤቱ ኩባንያ ይልካል። እኛ በቀን ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደተጠቀምን አንድም ሳያጎድል ይቆጥራል። እርሱ ራሱ በቀን ለስንት ሰከንድ ሞገድ እንደሚለቅ ግን ለቤቱ ነዋሪ ቆጥሮ የማስረከብ ግዴታ የተጣለበት የለም። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ስለዚህ አንድ ቁጥር ነው።

አቋማችንን ከመነሻው ግልጽ እናድርግ። ስማርት ቆጣሪ ሰውን ለሕመም ይዳርጋል አንልም፤ እስካሁን ያለው ማስረጃ ይህን አይደግፍም። ነገር ግን «መሣሪያው ደረጃውን ያሟላል» የሚለው የተለመደ መልስ የተሟላ መልስ ነው ብለንም አንቀበልም። ደረጃ ማሟላቱ የሚታወቀው በስሌት ነው፤ ስሌቱ የቆመበት ዋነኛ ቁጥር ደግሞ በነዋሪው እጅ የለም። ሚዛኑን ሻጩ ብቻ ይዞት ሳለ «ልኩ ትክክል ነው» ማለት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ፍትሕ ግን አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቆጣሪው እንዴት መጣ?

የቴክሳስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ2005 ባወጣው ሕግ ኩባንያዎች የስማርት ቆጣሪ ወጪያቸውን ከደንበኞች በተጨማሪ ክፍያ እንዲሰበስቡ መንገዱን ከፈተ። በ2007 ደግሞ ቆጣሪዎቹ በተቻለ ፍጥነት እንዲተከሉ ያለውን ፍላጎት በሕግ ገለጸ። መቀመጫውን ዳላስ ያደረገውና በአካባቢው የኤሌክትሪክ ሽቦውና የቆጣሪው ባለቤት የሆነው ኦንኮር እስከ 2012 መጨረሻ ድረስ ከ3 ሚሊዮን በላይ ስማርት ቆጣሪዎችን ተከለ።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ለመጣ ሰው ግር የሚል ነገር አለ። በዳላስ ነዋሪው ኤሌክትሪክ የሚሸጥለትን ድርጅት ከብዙ ተወዳዳሪዎች መካከል ይመርጣል። ቆጣሪውን ግን አይመርጥም። ሻጩን በየዓመቱ ቢቀያይር እንኳ ግድግዳው ላይ ያለው ቆጣሪ ያው የኦንኮር ቆጣሪ ነው። የገበያ ውድድር ዋጋን ሊያስተካክል ይችል ይሆናል፤ የቆጣሪውን ጠባይ ግን አይነካውም። ስለዚህ ገበያው በማይደርስበት በዚህ ቦታ ነዋሪውን ሊጠብቀው የሚችለው ደንብ ብቻ ነው።

ተቃውሞው ሲበረታ የቴክሳስ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን ባለሙያዎች ጉዳዩን መርምረው በታኅሣሥ 2012 ሪፖርት አወጡ። የሪፖርቱ መደምደሚያ ስማርት ቆጣሪዎች ጎጂ የሆነ መጠን ያለው ሞገድ እንደሚለቁ የሚያሳምን ማስረጃ አልተገኘም የሚል ነበር። ኮሚሽኑ በ2013 ደግሞ ቆጣሪውን የማይፈልግ ደንበኛ ሞገድ በማይለቅ ቆጣሪ እንዲጠቀም የሚፈቅድ ደንብ አጸደቀ። ፈቃዱ ግን በነጻ አልመጣም፤ ደንበኛው በመጀመሪያ የአንድ ጊዜ ክፍያ፣ ከዚያም በየወሩ ሌላ ክፍያ ይከፍላል። የክፍያው ምክንያት ተብሎ የሚቀርበው ቆጣሪ አንባቢ ሠራተኛ በየወሩ መላክ ወጪ አለው የሚል ነው። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በዚህ አሠራር ለነዋሪው የቀሩለት ሁለት ምርጫዎች ብቻ ናቸው፦ ወይ ሳይጠይቅ መቀበል፣ ወይ ከፍሎ መውጣት። ጠይቆ፣ መልስ አግኝቶ፣ ተረድቶ የመቀበል ሦስተኛ መንገድ አልተሠራለትም።

ስሌቱ ምን ይላል?

የፌዴራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን በ1996 ባጸደቀው ገደብ መሠረት ሕዝቡ በ902 ሜጋኸርዝ ላይ ሊጋለጥ የሚችለው ከፍተኛ መጠን በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.6 ሚሊዋት ያህል ነው። መጠኑ የሚለካው የ30 ደቂቃ አማካይ ተወስዶ ነው። በአሜሪካ አብዛኞቹ ስማርት ቆጣሪዎች የሚሠሩት ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ሲሆን፣ በዚህ ክልል በተለመደው የሥርጭት ስልት ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛ ኃይል 1 ዋት ነው፤ አንቴናው ደግሞ ይህን ኃይል በአንድ አቅጣጫ እስከ 4 እጥፍ ሊያጎላው ይችላል።

እስቲ የከፋውን ገምተን እናስላ። ቆጣሪው ሕጉ የፈቀደለትን ሙሉ ኃይል ተጠቅሞ ያለማቋረጥ ቢያሠራጭ፣ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የሚደርሰው መጠን በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.8 ሚሊዋት ያህል ይሆናል። ይህ ከገደቡ በላይ፣ 132 በመቶ ገደማ ነው። በ1 ሜትር ርቀት ወደ 5 በመቶ፣ በ3 ሜትር ርቀት ደግሞ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። ቀመሩ በጣም ቅርብ በሆነ ርቀት ግምታዊ መሆኑን፣ ከቆጣሪው ጀርባ ያለው የብረት ሳጥንም ወደ ቤት ውስጥ የሚገባውን ሞገድ እንደሚቀንሰው መዘንጋት አይገባም።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛ፣ ርቀት ታላቅ መከላከያ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መጠኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ በቅርብ ርቀት ላይ መሣሪያው ገደቡን ማለፍ አለማለፉን የሚወስነው የሥርጭቱ ጊዜ ነው። ያለማቋረጥ ቢያሠራጭ ኖሮ ገደቡን ሊጥስ የሚችል መሣሪያ ገደቡን የሚያከብረው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ስለሚል ነው። ታዲያ ምን ያህል ጊዜ ነው ዝም የሚለው? ጥያቄው ይህ ነው፤ የጎደለው ቁጥርም ይኸው ነው።

ይህ ቁጥር ሊገለጥ እንደሚችል ካሊፎርኒያ አሳይታለች። በ2011 የዚያው ግዛት የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን ዳኛ ባዘዙት መሠረት ፓሲፊክ ጋዝና ኤሌክትሪክ ኩባንያ የቆጣሪዎቹን የሥርጭት ጊዜ ለሕዝብ አቀረበ። አማካዩ ቆጣሪ በ24 ሰዓት ውስጥ 10,000 ያህል አጫጭር መልእክቶች ቢልክም ጠቅላላ የሥርጭት ጊዜው 45 ሰከንድ ገደማ ነበር። እጅግ ብዙ የሚያሠራጨው ቆጣሪ ደግሞ 875 ሰከንድ፣ ማለትም ከ15 ደቂቃ ጥቂት ያነሰ ጊዜ፣ ያሠራጫል።

ይህ ቁጥር ከላይ ባሰላነው ላይ ሲጨመር ሥዕሉ ይለወጣል። አማካዩን ብንወስድ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት እንኳ መጋለጡ ከገደቡ 1 በመቶ አንድ አሥረኛ አይሞላም። የከፋውን ወስደን፣ 875ቱ ሰከንድ በሙሉ በአንድ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ተጨናንቆ ተሠራጨ ብንል እንኳ ውጤቱ ከገደቡ 64 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ቁጥር በመገለጡ ብቻ ከገደቡ ያለፈ የመሰለው ነገር ከገደቡ እጅግ በታች ሆኖ ተገኘ። ፍርሃትን የሚያጠፋው ዝምታ ሳይሆን መረጃ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

ይሁን እንጂ የካሊፎርኒያው ቁጥር የቴክሳስ ቁጥር አይደለም። የሥርጭት ጊዜ ከአውታር ወደ አውታር ይለያያል። እርስ በርሳቸው በሚነጋገሩ ቆጣሪዎች አውታር ውስጥ አንዳንዱ ቆጣሪ የጎረቤቶቹን መልእክት ተቀብሎ ስለሚያሳልፍ ከሌላው አብልጦ ይናገራል። በሳን ፍራንሲስኮ የተለካን ቁጥር ለጋርላንድ አፓርትመንት ማበደር አይቻልም፤ እዚሁ መለካት ያስፈልጋል።

በአፓርትመንቱ ግድግዳ ላይ

በዳላስ–ፎርት ዎርዝ የሚኖረው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ፣ በተለይ አዲስ የመጣው፣ በብዛት የሚኖረው በአፓርትመንት ነው። በብዙ አፓርትመንቶች የሕንፃው ቆጣሪዎች በአንድ ውጫዊ ግድግዳ ላይ በረድፍ ይደረደራሉ። ከግድግዳው ወዲያ የአንድ ቤተሰብ መኝታ ክፍል ሊሆን ይችላል። ሕጉ ስለ አንድ ቆጣሪና ስለ አንድ ደንበኛ ይናገራል፤ ያ ቤተሰብ ግን የሚጎራበተው 12 ቆጣሪዎችን ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሁኔታ ከፍሎ የመውጣት መብት ትርጉሙን ያጣል። ቤተሰቡ የአንድ ጊዜውንም የወሩንም ክፍያ ከፍሎ የራሱን ቆጣሪ ቢያስቀይር፣ የቀሩት 11 የጎረቤቶቹ ቆጣሪዎች እዚያው ግድግዳ ላይ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ለማይቀርለት ነገር ገንዘብ ከፈለ ማለት ነው። 12ቱም በ1 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆኑና በከፋው ግምት ያለማቋረጥ ቢያሠራጩ ድምሩ ከገደቡ ወደ 64 በመቶ ይደርሳል፤ የሥርጭት ጊዜያቸው 1 በመቶ ከሆነ ደግሞ ከ1 በመቶ በታች ይሆናል። እንደገና ሁሉም ነገር የሚንጠለጠለው በዚያው ባልተነገረ ቁጥር ላይ ነው።

ጋርላንድን ያነሳነው በምክንያት ነው። የጋርላንድ ከተማ ከ1923 ጀምሮ የራሷ የኤሌክትሪክ ድርጅት አላት፤ ዴንተንም እንዲሁ። ከላይ የጠቀስነው የ2013 ደንብ የሚመለከተው እንደ ኦንኮር ያሉትን በባለሀብቶች የተያዙ የሽቦ ኩባንያዎች እንጂ በከተማ የሚተዳደሩትን አይደለም። በእነዚህ ከተሞች ስለ ቆጣሪ የሚወሰነው በከተማው ምክር ቤት ነው። ይህ ለአንቂዎች መልካም ዜና ነው፤ ኦስቲን ድረስ መጓዝ ሳያስፈልግ በሠፈራችን ምክር ቤት ቆመን ልንጠይቅ እንችላለንና።

የምዘናው ሥርዓት ድክመት

ሬዲዮ ያለው ማንኛውም የቤት ዕቃ፣ ቆጣሪም ሆነ የዋይፋይ ራውተር፣ ከመሸጡ በፊት የፌዴራሉን ኮሚሽን ፈቃድ ማግኘት አለበት። የፍተሻውን ላቦራቶሪ የሚመርጠውም የሚከፍለውም አምራቹ ነው። ከሰው አካል ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቆ እንዲሠራ የታሰበ ዕቃ በአብዛኛው በስሌት ብቻ ሊመዘን ይችላል። ከገበያ በኋላ የናሙና ፍተሻ አለ፤ ፍተሻውን የሚያካሂዱት ግን ፈቃዱን የሰጡት የግል ተቋማት ራሳቸው ናቸው። ሰነዶቹ በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ይገኛሉ፤ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በመሐንዲስ እንግሊዝኛ። «ከሰው 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ» የሚለው ማሳሰቢያም በመመሪያው ደቃቅ ጽሑፍ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

ገለልተኛ ልኬት የሚያመጣውን ለውጥ ለማየት ፈረንሳይን መመልከት ይበቃል። የአገሪቱ የፍሪኩዌንሲ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በመስከረም 2023 ከገበያ የተገኘ አይፎን 12 ፈትሾ፣ በእጅ ሲያዝ ወይም በኪስ ሲቀመጥ አካል የሚቀበለው ኃይል በኪሎ ግራም 5.74 ዋት መሆኑን አረጋገጠ። የአውሮፓ ገደብ 4 ዋት ነው። ስልኩ ለዓመታት በሕጋዊ መንገድ ሲሸጥ የቆየ ነበር። ሽያጩ ታገደ፤ አምራቹም ሶፍትዌሩን አስተካከለ። ማንም አልታመመም፣ ማንም አልተደናገጠም፤ ስሕተት ተገኘ፣ ታረመ። ጤናማ ሥርዓት የሚባለው ይህ ነው።

በአገራችን በአሜሪካ ግን ገደቡ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ነው። ኮሚሽኑ በ2019 የ1996ቱን ገደብ ሳይቀይር እንዲቀጥል ሲወስን፣ የዋሽንግተን ዲሲ ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በነሐሴ 2021 ውሳኔውን ለኮሚሽኑ መልሶ ላከው። የፍርዱን ይዘት በትክክል መያዝ ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቱ ገደቡ አደገኛ ነው አላለም። ካንሰርን በተመለከተ የኮሚሽኑን ማብራሪያ ተቀብሏል። ነገር ግን ከካንሰር ውጪ ስላሉ የጤና ጉዳዮች፣ ስለ ሕፃናት፣ ስለ ረጅም ጊዜ መጋለጥና ስለ አካባቢ የቀረቡትን ማስረጃዎች ኮሚሽኑ በቂ ምክንያት ሳይሰጥ አልፏቸዋል ብሏል። በሌላ አነጋገር፣ ፍርድ ቤቱ የጠየቀው እኛ የምንጠይቀውን ነው፦ መልሱን ብቻ አትንገሩን፣ እንዴት እንደደረሳችሁበትም አሳዩን።

ለራሳችን ወገን

ይህን የምንጽፈው ለተቆጣጣሪዎች ብቻ አይደለም፤ በእኛው ጎራ ላሉትም ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር አምጪ ሊሆን የሚችል» በሚለው ምድብ አስቀምጦታል። ይህ ምድብ ማስረጃው ውስን መሆኑን እንጂ ጉዳቱ መረጋገጡን አይናገርም። በ2018 የተጠናቀቀው የአሜሪካ መንግሥት የአይጦች ጥናት በወንድ አይጦች ልብ ላይ ዕጢ አግኝቷል፤ አይጦቹ የተጋለጡት ግን መላ አካላቸው፣ በከፍተኛ መጠን፣ ለረጅም ሰዓታት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ጥያቄ ተሠርቶ በ2024 የታተመው የጥናቶች ግምገማ ደግሞ በሞባይል ስልክና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። ሦስቱንም ማስረጃዎች አብሮ የማይጠቅስ ሰው ተሟጋች ሳይሆን ነጋዴ ነው።

ነጋዴዎችም አሉ። «ጨረር ይከላከላል» እየተባለ የሚሸጥ ተለጣፊና መሸፈኛ አለ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዲህ ያሉ የስልክ መከላከያዎች ምልክቱን በማወክ ስልኩ ይበልጥ ኃይል እንዲያወጣ ሊያደርጉ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። በሁለት ሥራ የሚተዳደር ቤተሰብ ልጆቹን ለመጠበቅ ብሎ በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ገንዘቡን ሲያፈስ ጉዳቱ የተረጋገጠ ነው፤ ሞገዱ ባይጎዳው እንኳ ፍርሃቱ ጎድቶታል። መረጃ በሌለበት ቦታ ወሬ ይነግሣል፤ ከወሬው የሚያተርፍም አይጠፋም። የምክር ቤት ረዳት አንድ ጊዜ የተጋነነ ወረቀት ከእጃችን ከተቀበለ፣ ሁለተኛውን ወረቀት አይከፍተውም።

ሊነሱ ለሚችሉ ተቃውሞዎች

«ጆሮ ላይ የሚደረግ ስልክ ከቆጣሪ ይበልጣል» ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ስልክን ሰው ፈልጎ ይገዛዋል፣ ሲፈልግ ያጠፋዋል፣ ያርቀዋል። ቆጣሪን አይገዛም፣ አያጠፋም፣ አያርቅም። ያለ ፈቃድ የሚደርስ ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከፍ ያለ የማስረዳት ግዴታ ያስከትላል።

«የፌዴራል ሕግ ግዛቶችን ይከለክላል» የሚለው ሁለተኛው ነው። የ1996ቱ የቴሌኮሙዩኒኬሽን ሕግ የአካባቢ መስተዳድሮች የፌዴራሉን ገደብ ባሟሉ የሽቦ አልባ ስልክ አገልግሎት ተቋማት ላይ በሞገድ ምክንያት የቦታ ክልከላ እንዳያደርጉ ያግዳል። ስለ ቆጣሪ የሥርጭት ጊዜ መረጃ መጠየቅ ግን የማማ ቦታ መከልከል አይደለም። ቢሆንም ከበርክሊ ከተማ መማር ይገባል። ከተማዋ ስልክ ሻጮች ለገዢዎች ማሳሰቢያ እንዲሰጡ ያወጣችው ደንብ ለዓመታት ከተሟገተ በኋላ፣ በ2020 ከፌዴራል ሕግ ጋር ይጋጫል ተብሎ በፍርድ ቤት ወደቀ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ልኬት እንጠይቅ። ቁጥር ማንንም አያስፈራራም።

«ወጪ ያስከትላል» የሚለው ሦስተኛው ነው። የቴክሳስ ደንበኛ ዛሬም ቢሆን «ስማርት ሜትር ቴክሳስ» በተባለው ድረ ገጽ የራሱን የየ15 ደቂቃ ፍጆታ ማየት ይችላል። ቤቱ ተሠርቷል፤ የጎደለው አንድ መስኮት ነው።

የምንጠይቀው

1. የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽኑ እያንዳንዱ የሽቦ ኩባንያ የቆጣሪውን ሞዴል፣ የፌዴራል ፈቃድ ቁጥር፣ ከፍተኛ ኃይል፣ እንዲሁም በ24 ሰዓት ውስጥ ያለውን አማካይና ከፍተኛ የሥርጭት ሰከንድ በዚያው ድረ ገጽ ላይ እንዲያወጣ ያዝዝ።

2. ኮሚሽኑ ራሱ በመረጠው ላቦራቶሪ፣ ቆጣሪዎች በተደረደሩባቸው አፓርትመንቶች ውስጥ፣ ከግድግዳው ወዲህ በመኝታ ክፍል በኩል፣ የናሙና ልኬት ያስደርግ፤ ውጤቱንም ሳይቆርጥ ያትም።

3. የዳላስ፣ የፎርት ዎርዝና የጋርላንድ ምክር ቤቶች በአዲስ ሕንፃዎች የቆጣሪ ረድፍ በመኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ እንዳይሰቀል በግንባታ ደንባቸው ይወስኑ። ይህ በዕቅድ ደረጃ ሲታሰብ ወጪው አነስተኛ ነው።

4. ከስማርት ቆጣሪ የመውጫ ክፍያው እንደገና ይመርመር፤ በቆጣሪ ረድፍ አጠገብ ለሚኖር ተከራይ መውጣቱ ምን እንደሚያስገኝለትና ምን እንደማያስገኝለት ከመክፈሉ በፊት በጽሑፍ ይነገረው።

5. መረጃው በአንድ ገጽ ተጠቃሎ አማርኛን ጨምሮ የአካባቢው ነዋሪዎች በሚናገሯቸው ቋንቋዎች ይቅረብ።

6. የሰሜን ቴክሳስ የኮንግረስ አባላት ጽሕፈት ቤቶች ለ2021ዱ ፍርድ የሚሰጠውን ምላሽ በሚመለከት ከፌዴራሉ ኮሚሽን የጊዜ ሰሌዳ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ቆጣሪዎቹ ይነቀሉ አላልንም። የቴክሳስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በመደበኛነት የሚሰበሰበው በጎዶሎ ዓመታት ለ140 ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ረቂቅ የሚዘጋጀው ከጥር በፊት ባሉት ወራት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ግን አዲስ ሕግ ሳይጠብቁ በኮሚሽኑ ትእዛዝ ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው፤ ስለዚህ ከእነርሱ እንጀምር። ቁጥሩ እንደምንገምተው ትንሽ ከሆነ ኩባንያው ከማንም በላይ ያተርፍበታል፤ ትልቅ ከሆነ ደግሞ በግድግዳው ወዲህ የሚያድረው ቤተሰብ ዛሬውኑ ማወቅ ነበረበት። በሁለቱም መንገድ ቁጥሩን የሚሸሽግ ምክንያት የለም።